የጋላክሲያችን መሃል በጆሮ ሲነበብ
ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበታዊው የፀሐይ ግርዶሽ የታየ ዕለት፣ እኛ ደሴ ሆነን ሰማዩን ስንመለከት ዓይነ ስውር የሆነው የእህቴ ልጅ ከጎናችን ተቀምጦ የሚደርሰው የእኛ ወሬ ብቻ ነበር። ዛሬ 10ኛ ክፍል ደርሷል፤ የናሳ ቻንድራ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ቡድን ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰማይ መረጃን ወደ ድምፅ እየለወጠ በኢንተርኔት በነጻ የሚያቀርባቸውን ቅጂዎችም የመዘንኋቸው ከእሱ ጋር ነው።

ከሁሉም የሚልቀው የፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም የእኛው ጋላክሲ፣ መሃል ነው። 400 የብርሃን ዓመት ያህል ስፋት ያለው ምስል ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ ከላይ ያለው በቀጭን፣ ከታች ያለው በወፍራም ድምፅ ይሰማል፣ ብርሃኑ ሲበረታም ድምፁ ይጎላል። የቻንድራ፣ የሐብልና የስፒትዘር የጠፈር ቴሌስኮፖች መረጃ ለየብቻም በአንድነትም ይደመጣል። ሕጉን ካስረዳሁት በኋላ ልጁ ጣቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ ቀኝ እየነዳ፣ ድምፁ ሲወፍር ወደ ደረቱ እየሳበ ሄደና በስተቀኝ ታች ቆሞ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተከማችቷል» አለኝ። 4 ሚሊዮን ፀሐይ የሚመዝነው ብላክ ሆል (ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስወጣ አካል) ያለው እዚያው አካባቢ ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ፐርሲየስ የተባለው የጋላክሲዎች ክምችት ቅጂ ይበልጥ ዝነኛ ቢሆንም፣ ባቲንና አምባሰልን በጆሮው እየለየ ላደገ ልጅ ከረዥም ጉርምርምታ ብዙም አላለፈለትም። ሆኖም አንድ ልዩነት አለው፤ የፍኖተ ሐሊቡ ብርሃን ወደ ድምፅ የተተረጎመ ሲሆን፣ የፐርሲየሱ ግን በጋላክሲዎቹ ክምችት ጋዝ ውስጥ በእርግጥ የሚጓዝ የግፊት ሞገድ ነው፤ ለጆሮ እንዲደርስ 57 እና 58 ኦክታቭ (እያንዳንዱ ኦክታቭ የንዝረቱን ድግግሞሽ እጥፍ ያደርጋል) ከፍ ተደርጓል። ይህን ሳይነግሩ «የጠፈር ድምፅ» እያሉ ማሰማት ተማሪውን ማሳሳት ነው።

ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አስረጂ ያስፈልጋል፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚውጠው ኢርፎን ይሻላል፤ ኔትወርክ ለሚቆራረጥባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ቅጂውን ከተማ አውርዶ መያዝ ነው። ነገሩን እንደ በጎ አድራጎት የሚያዩ መምህራን ካሉ፣ የፖርቶ ሪኮዋ አስትሮኖመር ዋንዳ ዲያዝ መርሴድ ዓይኗን ካጣች በኋላ ምርምሯን የቀጠለችው መረጃን በድምፅ እያዳመጠች መሆኑን ይወቁልኝ።

የእህቴ ልጅ የንባቡን ሕግ በአማርኛ ብሬል ጽፎ ጨርሷል፤ ሰኞ ለክፍል ጓደኛው ይዞለት ይሄዳል።