የኪያንቲ የኪራይ ብስክሌት፣ የሐረጎን ዳገት ለለመደ ሰው

መጠጥ የማይቀምስ የኮምቦልቻ ሰው የወይን አገር ድረስ ሄዶ ምን ይሠራል ብለው ለሳቁብኝ ወዳጆቼ መልሱ አጭር ነው፤ የሄድኩት ለመንገዱ ነው። ባለፈው መስከረም ጣሊያን አገር ፍሎረንስ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ከፍሎረንስ በስተደቡብ እስከ ሲዬና የተዘረጋው ኮረብታማ አገር ኪያንቲ ይባላል፤ እዚያ ጋዮሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ካለ አከራይ ብስክሌት ተከራይቼ አገሩን ዞርኩት። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ስላለኝ የሱቁን ስም ትቼዋለሁ።

ከብስክሌቱ ልጀምር። በወጣትነቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ብስክሌት እየጠገንኩ ነበር የምተዳደረው፤ አሁንም እንጀራዬ የፋብሪካ ማሽን ጥገና ነው። ስለዚህ ብስክሌቱን እንደተረከብኩ ገልብጬ በኮርቻውና በመሪው አቆምኩት። የኋላ ጎማውን አሽከረከርኩ፤ ቸርኬው ግራ ቀኝ ሳይል ቀጥ ብሎ ዞረ። ሽቦዎቹን በጥፍሬ አንድ በአንድ መታ መታ አደረግኋቸው፤ በየጎናቸው ድምፃቸው አንድ ዓይነት ነው፣ እኩል ተወጥረዋል ማለት ነው። ሰንሰለቱን ከፊት ጥርሱ ላይ ሳብ አደረግሁት፤ አልተላቀቀም፣ ገና አልተበላም። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ነው፤ ጎማው 35 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ማርሹ ከፊት ትንሹ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁም 34 ጥርስ አለው። በዚህ ማርሽ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል፤ ከሰዓት በኋላ ጉልበት ሲያልቅ የሚያድነው ይህ ነው።

አከራዩ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። መጀመሪያ መልኬን አይቶ “ቢኒያም!” ብሎኝ ነበር። ብስክሌት ተወዳዳሪው ቢኒያም ግርማይ ኤርትራዊ እንደሆነ፣ የእኛው ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደነበረ፣ ያውም በጣሊያን ቡድን ውስጥ ሆኖ፣ በእህቴ አስተርጓሚነት አስረዳሁት። ብስክሌቱን ስመረምር እጁን አጣጥፎ ሲያየኝ ቆየና “ሜካኒክ ነዎት እንዴ?” አለኝ። አዎን ስለው ከጠረጴዛው ስር የወረቀት ካርታ አወጣና በእርሳስ ማስመር ጀመረ።

ይህ ሱቅ ምስጋና ከተገባው ለዚያ እርሳስ ነው። ብስክሌትማ የትም ይገኛል። ሰውየው በመጀመሪያ ያደረገው ኪያንቲጃና የሚባለውን ቁጥር 222 መንገድ መሰረዝ ነበር። መንገዱ ከፍሎረንስ ተነስቶ በግሬቬ፣ በፓንዛኖና በካስቴሊና አድርጎ ሲዬና ይገባል፤ መልክዓ ምድሩ ውብ ቢሆንም ቅዳሜና እሑድ የሞተር ብስክሌት ጩኸት አያስቆምም። በምትኩ ወደ ሌኪ፣ ወደ ሳን ሳኖ፣ ወደ ቫሊያሊ፣ ራዳ ከምትባለው ከተማ በላይ ደግሞ ወደ ቮልፓያ የሚወስዱትን ቀጫጭን መንገዶች አሰመረልኝ። በእነዚህ ላይ ወይን የጫነ ትራክተር ካልመጣ በቀር ለረጅም ጊዜ የራስን ጎማ ብቻ እየሰሙ መሄድ ይቻላል። የወይን ለቀማ ወቅት ስለነበር ለቃሚዎቹን ከማየቴ በፊት የመቀሳቸውን ድምፅ እሰማ ነበር፤ ቅጠሉ ሸፍኗቸው ከተክሉ ወዲያና ወዲህ ይጫወታሉ፣ አንዱ ሲስቅ ይሰማል፣ ሰው ግን አይታይም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ጆሮዬ ሁልጊዜ ከኋላዬ ባለው ተሳቢ ላይ ነው። እዚያ ጆሮዬ ሥራ ፈታ።

ስለ ዳገቱ ለአገሬ ልጆች በራሳችን ልኬት ልንገራችሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ600 ሜትር በላይ ያስወጣል። በዚህ መንገድ ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ የሚስማማችሁን ማርሽ አንዴ ካገኛችሁ በዚያው መዝለቅ ነው፤ የሚያስቸግረው የመኪናው ጭስ ነው። በኪያንቲ የሄድኩባቸው መንገዶች ከባሕር ጠለል በላይ ከ250 እስከ 650 ሜትር ባለው ውስጥ ይወጣሉ ይወርዳሉ። የኮምቦልቻን ከፍታ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ትንፋሽ አያጥርም፣ ደጋ ላደገ ሳንባ አየሩ ትርፍ ነው። እግር ግን ያልቃል። ሦስት ኪሎ ሜትር ትወጣላችሁ፣ ሁለት ትወርዳላችሁ፣ ከታች ትንሽ ወንዝና ድልድይ አለ፣ ከድልድዩ ማዶ መንገዱ እንደገና ፊት ለፊት ይቆማል። 50 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ሽቅብ የወጣችሁት ሲደመር አንድ ሺህ ሜትር ይጠጋል፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ከመውጣት ይበልጣል ማለት ነው። ጠዋት በጉራ የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ ብስክሌቱን እየገፋ ይገኛል። በባትሪ የሚሠራ ብስክሌት የያዙ ጡረተኛ ጀርመኖች ሰላምታ እየሰጡ ሲያልፉት ደግሞ ምን እንደሚሰማው አልናገርም።

አስፋልቱ ሲያልቅ ነጭ መንገድ የሚሉት ኮረኮንች ይጀምራል። ጉዳዩ ደሴ ለሚኖር ሰው ማመን የሚከብድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃንካርሎ ብሮቺ የተባለ ሰው ሌሮይካ የሚባለውን የብስክሌት ጉዞ በዚህችው ጋዮሌ ሲጀምር አንዱ ዓላማው ኮረኮንቹ አስፋልት እንዳይለብስ ማድረግ ነበር! በመጀመሪያው ጉዞ 92 ሰዎች ተሳተፉ፤ ዛሬ በምልክት የተመራ የ209 ኪሎ ሜትር ቋሚ መስመር አለ። መንገዳችን ይሠራልን እያልን ስንት ዓመት አቤት ያልን ሰዎች፣ መንገዳችን አይሠራብን የሚል ሕዝብ ስናገኝ ብንስቅ አይፈረድብንም። እኔም ስቄ ገባሁበት። ወደ ብሮሊዮ ግንብ የሚያወጣው በጽድ ዛፎች መካከል የሚሄድ ነው፤ መሃሉ ተጠቅጥቆ ጠንክሯል፣ ጠርዙ ላይ ግን ልቅ ጠጠር ተከማችቷል። ሲወጡ ከኮርቻው ተነስቶ መቆም አይቻልም፤ ክብደት ከኋላ ጎማ ላይ ሲነሳ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ሲወርዱ ደግሞ ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይደረስ ነው፣ ኩርባው ውስጥ የፊት ፍሬን የነካ ሰው ጠጠሩን ይቅማል። 35 ሚሊ ሜትሩ ጎማ ዋጋው የታወቀኝ እዚህ ነው።

በኪራዩ ውስጥ አንድ የወይን ቅምሻ ተካቷል። እንደማልጠጣ ስነግራቸው ያለ አንዳች ጥያቄ በወይራ ዘይት ቅምሻ ቀየሩልኝ፤ ይህንን አመሰግናለሁ። ዘይቱ ጉሮሮ ላይ ቃር ቃር ይላል፣ ጥሩ ነው፤ ዳቦው ግን ጨው የለውም፣ የአገሩ ልማድ ነው አሉኝ። አስተናጋጇ በየጠርሙሱ ላይ ያለው ጥቁር አውራ ዶሮ ምን እንደሆነ አጫወተችኝ። ፍሎረንስና ሲዬና ድንበር ሲጣሉ፣ ዶሮ ሲጮህ ከየከተማው አንድ ፈረሰኛ ይነሳና የተገናኙበት ድንበር ይሁን ተባባሉ፤ የፍሎረንስ ሰዎች ጥቁሩን ዶሯቸውን አስርበው ስላሳደሩት ሌሊት ጮኸና አብዛኛውን መሬት ወሰዱ ይባላል። ወይን የሚጠጡትም ቢሆኑ ለምሽት ቢያቆዩት ይሻላቸዋል። ቢኒያም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 በጣሊያኑ የብስክሌት ውድድር በጂሮ ዲታሊያ ጄዚ ከተማ ላይ ካሸነፈ በኋላ መድረክ ላይ ፕሮሴኮ የሚባል አረፋማ ወይን ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ዓይኑን መትቶት ከውድድሩ ወጥቷል። ለምግብ የአሳማ ሥጋ እንደሌለበት በየቦታው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ባቄላውና የበግ አይቡ አላሳፈረኝም።

አሁን ወደ ወቀሳው። እሑድ ጠዋት ከራዳ በላይ ባለው ጫካ ውስጥ ስወጣ ጥይት ተተኮሰ፣ ቀጥሎ ሌላ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ የነበረ ሰው ጫካ ውስጥ ተኩስ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ብስክሌቱን ጥዬ ከግንብ አጥር ስር ተኝቼ ሳለ ውሻ ያስከተለ ሽማግሌ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ ከጫካው ወጥቶ ደህና አደርክ አለኝ። ለካ በጣሊያን የአደን ወቅት የሚከፈተው በመስከረም ሦስተኛ እሑድ ኖሯል፤ የእነሱ መስከረም ማለቴ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ደግሞ አደን በሕግ የተከለከለ ነው። ይህንን የነገረኝ ማታ የእህቴ ባል ነው። አከራዩ ግን የጫካውን መንገድ በእርሳስ ሲያሰምር አንድ ቃል ሊጨምር ይገባው ነበር።

ተጨማሪ ከፍዬ የወሰድኩት የጂፒኤስ መሣሪያም አላኮራኝም። በሰንሰለት ወደተዘጋ የግል የወይን እርሻ በር መራኝና በዚያው ግባ ይለኛል፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ውሻ የተለየ ሐሳብ ነበረው። ኪራዩ በቀን ከ40 ዩሮ በላይ ነው፣ ለእኛ ኪስ ቀላል አይደለም። ለመያዣ የባንክ ካርድ ይጠይቃሉ፤ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ እኔ የተረፍኩት በእህቴ ካርድ ነው። ስመልስ ደግሞ በውሉ ላይ ያልተጻፈ የማጠቢያ 15 ዩሮ አስከፈሉኝ። ነጭ መንገድ ላይ እንድሄድ ያሰመረልኝ ራሱ ሆኖ ስለ ነጩ አቧራ ማስከፈሉ አናደደኝ፤ እህቴ ተከራክራ ግማሹን አስመለሰች። ተመልሼ ብሄድ ብስክሌቱን ከዚያው ሰው እከራያለሁ፣ ጂፒኤሱን እተወዋለሁ፣ የጫካውን መንገድ ለማክሰኞና ለዓርብ አደርገዋለሁ፣ ማጠቢያውንም አስቀድሜ በውሉ ላይ አስጽፋለሁ።