ለናሙና የሚታየው መጠጫ ሌላ፣ ታስሮ የሚሰጣችሁ ሌላ

በግቢያችሁ ጥቂት ዶሮዎች የምታረቡ ሁሉ፣ መርካቶ ወርዳችሁ የጫጩት መጠጫና መመገቢያ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ ናሙናውን ባንኮኒ ላይ አስቀምጠው የሚሸጠውን ከመጋዘን የሚያስመጡ ነጋዴዎችን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ።

ሻጩ ባለ ቀይ ሳህኑን መጠጫ አነሳና ውሃ ሞልቶበት፣ ሳህኑን አጥብቆ ከገጠመ በኋላ ገልብጦ አቆመው። «እናቴ፣ ይመልከቱት፤ ጠብ አይልም» አለኝ፤ በእርግጥም ጠብ አላለም። የዚህ ዕቃ ጥቅም ሁሉ ያለው አየር ባለማስገባቱ ነው። የሳህኑ ውሃ ቀዳዳውን እስከሸፈነ ድረስ የውጭው የአየር ግፊት በላይ ያለውን ውሃ ደግፎ ይይዘዋል፤ ጫጩቶቹ ጠጥተው ሲያጎድሉት ብቻ ጥቂት አየር ይገባና የጎደለው ይተካል። ማጠራቀሚያው በቀጭኑም ቢሆን ከተሰነጠቀ ግን ውሃው ሳህኑን ሞልቶ እስኪያልቅ ይፈስሳል።

«እንግዲያው ይህንኑ ስጠኝ» ስለው «እሱ ለማሳያ ነው» ብሎ ልጁን ወደ መጋዘን ላከው። ልጁ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ጥቅል ይዞ መጣ። ፈትቼ ልየው ብል፣ «ከተፈታ ተመልሶ አይታሰርም፤ ያው ያዩት ነው» አለኝ። ገንዘቡን ስቆጥርለት እርሱ ናሙናውን በጨርቅ እያደረቀ በጥንቃቄ ወደ ቦታው ይመልስ ነበር።

ጥቅሉ ውስጥ የነበረው እንደ ወረቀት የሳሳ ፕላስቲክ ነው። የአንዳንዱ የመግጠሚያ ጥርስ አይነክስም፣ የሌላው ጎን በስፌቱ በኩል ተሰንጥቋል። ሌሊቱን ውሃው ፈስሶ ሰጋቱራውን በሙሉ ስላራሰው፣ ገና ላባ ያላወጡት ጫጩቶች በስብሰው በብርድ አለቁብኝ። የተረፉትም ከስጋት አልወጡም፤ ርጥብና ሞቃት ጉዝጓዝ ኮክሲዲዮሲስ ለሚባለው የዶሮ የአንጀት በሽታ የተመቸ ነው፣ ሽታውም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። መመገቢያውም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ስላልታጠፈ ጫጩቶቹ መኖውን እየጫሩ ያፈሱታል። የመኖ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ዕቃውን ይዤ ስመለስ፣ «እናቴ» ሲለኝ የነበረው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ቤትሽ ወስደሽ የሰነጠቅሽውን እኔ ምን ላድርግልሽ?» አለኝ። ደረሰኙን ባሳየው «የፕላስቲክ ዕቃ» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈበትም። «ዶሮ ማርባት ካቃተሽ እንቁላሉን ከሱቅ ግዢ» ሲል አጠገቡ ያሉት ልጆች ሳቁ። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን እኔ እዚያው ቆሜ ሌላ ገዢ ሲገባ፣ ያንኑ ናሙና አንስቶ ውሃ መሙላት መጀመሩ ነው። ለሰውየው እንዳይገዛ ብነግረው «ሴትዮዋን አስወጡልኝ» ተባለልኝ።

ስለዚህ ውሃ ሞልታችሁ የምትፈትኑት ይዛችሁ የምትሄዱትን ራሱን ይሁን፤ ጥቅል አልፈታም ካለ ጥላችሁ ውጡ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነትና ብዛት ይጻፍ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፣ እኔም አቤቱታዬን እያዘጋጀሁ ነው። ደህና መጠጫ እስክታገኙ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ንጹሕ ጠጠር ደርድራችሁ ውሃ አድርጉበት፤ ጫጩቶቹ ሳይሰምጡ ይጠጣሉ።