ሶሉ-ኮርቴፍ አክት-ኦ-ቫያል 100 ሚሊ ግራም፦ አድሬናል ዕጢው ለደከመ ሰው ቤት የሚቀመጥ መርፌ

ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢው ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ማመንጨት ያቃተው ሰው በየቀኑ ምትኩን ሃይድሮኮርቲሶን እየዋጠ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ጭንቁ የሚመጣው ማስመለስ ሲጀምረው ነው። ኪኒኑ ሆድ ውስጥ አይቆይም፤ ሰውነቱ ግን ልክ በዚያ ሰዓት ከወትሮው እጥፍና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ይፈዝዛል፤ በሰዓታት ውስጥም ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ሶሉ-ኮርቴፍ አክት-ኦ-ቫያል የተባለው ይህ የፋይዘር ምርት፣ በመርፌ የሚሰጥ ሃይድሮኮርቲሶን፣ የሚቀመጠው ለዚያ ሰዓት ነው።

ተራው ሃይድሮኮርቲሶን ዱቄቱ በብልቃጥ፣ ውሃው በሌላ አምፑል ነው። አምፑሉን መስበር፣ ውሃውን መሳብ፣ ዱቄቱ ላይ መጨመር፣ እንደገና መሳብ አለ። ለነርስ ይህ ቀላል ነው፤ ልጇ ዓይኗ እያየ ራሱን ለሚስትባት እናት ግን ከባድ ነው። በአክት-ኦ-ቫያል ውሃው ከላይ፣ ዱቄቱ ከታች፣ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጠው በጎማ ተለያይተዋል። የላዩን ፕላስቲክ በአውራ ጣት ጠበቅ አድርጎ ወደ ታች መጫን ነው፤ ጎማው ይወድቅና ውሃው ዱቄቱ ላይ ይፈስሳል። ፈሳሹ ጥርት እስኪል በቀስታ ማገላበጥ፣ መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ማንሳት፣ ጎማውን በአልኮል መጥረግና መርፌውን ቀጥ አድርጎ መሃሉ ላይ መውጋት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መርፌውን እስከ ጥጉ ይከተዋል፤ ጠርሙሱ ሲገለበጥ ጫፉ ከፈሳሹ በላይ ይቀርና አየር ብቻ ይስባል። ጫፉ ከጎማው ብቅ እንዳለ ማቆም ነው።

የሚወጋው የጭን መሃል፣ በውጭ በኩል፣ ጡንቻው ላይ ነው፤ ካስፈለገ በልብስ ላይም ይወጋል። ለአዋቂና 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ሙሉው 2 ሚሊ ሊትር፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ለሆነ 1 ሚሊ ሊትር፣ ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ግማሽ ሚሊ ሊትር የተለመደው ልክ ነው፤ ሐኪሙ ሌላ መጠን ጽፎ ከሆነ ግን የእሱ ይቀድማል። ከተጠራጠሩ ይስጡት፤ ሳያስፈልግ የተሰጠ አንድ መርፌ አይጎዳም፣ የዘገየው ግን ይገድላል።

ትልቁ ጉድለቱ ካርቶኑ ውስጥ ሲሪንጅም መርፌም አለመኖሩ ነው። ሕይወት አድን ተብሎ የሚሸጥ ነገር እንዲህ መጉደል አልነበረበትም። 3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ 23 ቁጥር 2.5 ሴንቲ ሜትር መርፌ (ለወፍራም ሰው ረዘም ያለ) እና የአልኮል ጥጥ ገዝቶ ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር በአንድ ቦርሳ ማስቀመጥ የግድ ነው። ወረቀቱም የተጻፈው ለባለሙያ እንጂ ለቤተሰብ አይደለም። ስለዚህ ጊዜው ያለፈበትን ጠርሙስ ከመጣል በፊት ቤተሰቡ በብርቱካን ላይ ይለማመድበት።

የሚቀመጠው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ነው። በበጋ በሪያድ ወይም በዱባይ መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ መድኃኒቱን ማበላሸት ነው።

ይህኛው ካልተገኘ ተራው ብልቃጥ ከነውሃው ያው መድኃኒት ነው፤ ሲገዙ ግን ስሙ ላይ «ሶዲየም ሰክሲኔት» የሚለውን ይፈልጉ። «አሲቴት» የሚለው ቀስ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ዴክሳሜታሶን የተባለው ተመሳሳይ መድኃኒትም ሰውነት ውስጥ ጨው የመያዝ አቅም ስለሌለው ሌላ ሲጠፋ ብቻ የሚወሰድ ምትክ ነው።

ማን ይያዘው? አዲሰን (አድሬናል ዕጢው ራሱ የተጎዳበት በሽታ) ያለበት ሁሉ (አገራችን ውስጥ ቲቢ ዕጢውን የጎዳባቸውም አሉ)፣ ዕጢው ከውልደት ጀምሮ ኮርቲሶል በቅጡ የማይሠራ ልጅ፣ ፒቱታሪው (አንጎል ሥር ያለችው፣ አድሬናልን የምታዝ ዕጢ) የተጎዳ ሰው። ለወራት ፕሬድኒሶሎን (የዚሁ ዓይነት የስቴሮይድ መድኃኒት) የወሰደም ዕጢው ሊተኛ ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በገዛ ፈቃዱ በድንገት አያቋርጥ።

መርፌው ከተሰጠ በኋላ ሰውየው ቢነቃም ሆስፒታል መሄድ አለበት። አንዱ መጠን የሚያቆየው ስድስት ሰዓት ያህል ነው፣ የጎደለውን ውሃና ጨው ደግሞ የሚተካው በደም ሥር የሚሰጠው ሳላይን (የጨው ውሃ) ነው። የተወጋበትን ሰዓት ጽፎ ባዶውን ጠርሙስ ይዞ መሄድ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ብዙ ጥያቄ ያሳጥራል።