የጠፋ ኢንዛይም እና ሥራ የቀየረ ኢንዛይም

የዘረመል ለውጥ ኢንዛይምን (በሕዋስ ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ያበላሻል ሲባል ብዙ ሰው የሚገምተው ሥራ ማቆሙን ነው። ፉማሬት ሃይድራቴዝ በእርግጥም ለዚህ ግምት ይመቻል። ፉማሬት የተባለውን የሕዋስ ኬሚካል ማሌት ወደተባለ ሌላ ኬሚካል የሚቀይረው ይህ ኢንዛይም ሁለቱም የጂን ቅጂዎች ሲበላሹ ከሥራ ይወጣል፤ ፉማሬትም በሕዋሱ ውስጥ ይከማቻል። አንዱን ብልሹ ቅጂ ከወላጅ የወረሱ ሰዎች፣ ሁለተኛውም በአንዳንድ ሕዋሶቻቸው ሲበላሽ፣ ለቆዳና ለማሕፀን እጢዎች፣ አንዳንዴም ለኃይለኛ የኩላሊት ካንሰር ይጋለጣሉ።

አይዲኤች1 የተባለው ኢንዛይም ግን ሌላ ጉድ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። ኢንዛይሙ ከተሠራበት የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት 132ኛው ቦታ ላይ ያለው አርጂኒን የተባለ አሚኖ አሲድ በአንጎል እጢዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሂስቲዲን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ይተካል። ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች አንዱ መለወጡ ብቻ ይበቃል። ኢንዛይሙ አይሞትም፤ ቀድሞ ራሱ ያመርተው የነበረውን አልፋ-ኬቶግሉታሬት የተባለ ኬሚካል መልሶ እየወሰደ፣ ጤነኛ ሕዋስ በጥቂቱ ብቻ የሚይዘውን 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት በገፍ ያመርታል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

የሚገርመው የጉዳታቸው መመሳሰል ነው። ሁለቱም ክምችቶች አልፋ-ኬቶግሉታሬትን ስለሚመስሉ በእርሱ የሚሠሩ ኢንዛይሞችን፣ ለምሳሌ የዲኤንኤን የሜቲል ምልክት (ጂኖች ሥራ ላይ መዋላቸውን የሚቆጣጠር ኬሚካላዊ ምልክት) ለማንሳት የሚረዱትን ቴት የተባሉትን፣ ያውካሉ።

ለመድኃኒት ቀማሚ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። የተለወጠውን አይዲኤች1 መግታት ይቻላል፤ ይህን የሚያደርገው አይቮሲዴኒብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ አጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ ለተባለ የደም ካንሰር ተፈቅዷል። የጠፋ ኢንዛይም ግን ምኑ ይገታል? ተመራማሪዎች ዞረው የሕዋሱን ሌላ ደካማ ጎን መፈለግ ይኖርባቸዋል።