ለተሰበረ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፦ ባለ ሁለት ቱቦው ማጣበቂያ ያዋጣል

ዘንጌን የሰበረው ዓሣ አይደለም፣ ባጃጅ ነው። ከሐይቁ ዳር ስመለስ ጫፉን በሸራው በኩል ወደ ውጭ አውጥቼው ነበር። መታጠፊያው ላይ የመብራት ምሰሶ ነካውና ቀጭ አለ። ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ተሰብሮ፣ በክሩ ተንጠልጥሎ ቀረ። በጣም ነው ያዘንኩት። ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝ ዘንግ ነው፤ ባሕር ዳር ገበያ ዞሬ ያገኘሁት ደግሞ መረብ፣ መንጠቆና ናይለን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሱፐር ግሉ ነው። ወዲያው ያዘ፣ ደስ አለኝ፣ በማግስቱ ሁለተኛው ውርወራ ላይ እዚያው ቦታ ተላቀቀ። ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ዘንግ ደግሞ ሥራው መታጠፍ ነው። ሁለቱ አይስማሙም።

ከዚያ የህንፃ መሣሪያ መሸጫ ገብቼ ኢፖክሲ ገዛሁ፣ ያንን በሁለት ቱቦ የሚመጣውን። ባለ ሱቁ "ይሄ እኮ ለጀልባ ነው የሚወስዱት" አለኝ። እንኳን ለጀልባ ሆነ፣ ውኃ ይችላል ማለት ነው። ሁለት ዓይነት አለ። 5 ደቂቃ የሚለውን አትውሰዱ፤ ስብራቱ ላይ የሚጠመጠመውን የስፌት ክር ጠምጥማችሁ ሳትጨርሱ ይጠነክርባችኋል። ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ውሰዱ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማጣበቂያው ብቻውን ምንም አያደርግም። ስብራቱ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ሁለቱን ጫፍ በቀጭን የብረት መጋዝ ማስተካከል አለባችሁ። ከመቁረጣችሁ በፊት ቦታውን በናስትሮ ጠቅልሉት፣ አለበለዚያ ስንጥቁ ወደ ታች ይሄዳል። አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ብናኙ ጥሩ አይደለም፣ ቆዳም ያሳክካል። ዘንጉ ውስጡ ባዶ ነው። ከሌላ አሮጌ የፋይበርግላስ ዘንግ ልክ የሚገባ ቁራጭ ቆርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ፣ በአልኮል ጠርጌ፣ ኢፖክሲ ቀብቼ እያዞርኩ አስገባሁት፣ በየጎኑ አራት ጣት ያህል። ከመያዙ በፊት በአንድ ዓይን እያያችሁ የማጥመጃው ክር የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በአንድ መስመር አሰልፏቸው። ይሄን ከረሳችሁ በኋላ መመለሻ የለውም።

ከላይ በቀይ የስፌት ክር አጥብቄ ጠመጠምኩት፣ ዙር ከዙር ሳይደራረብ። ክሩ ላይ ስስ ኢፖክሲ ቀባሁ። እዚህ ጋ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ካላዞራችሁት ወደ አንድ ጎን ወርዶ ጠብታ ይሠራል። እህቴ ቡና እያፈላች ነበር። እኔ ዘንጉን ጭኔ ላይ አጋድሜ ከአቦል እስከ በረካ ሳዞር ቆየሁ። በረካው ሲቀዳ ማጣበቂያው መፍሰሱን ትቶ፣ ክሩ ውስጡ እንደ መስታወት ስር ይታይ ነበር።

ለ24 ሰዓት አትንኩት። እኔ የሠራሁት በክረምት ነው። ነሐሴና መስከረም አላጠምድም፤ ሌላ አገር የማይገኙት የጣና ዓሣ ዘሮች ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች የሚወጡበት ጊዜ ስለሆነ መተው አለባቸው ብዬ ስለማምን ነው። ግን ብርድ ሲሆን ኢፖክሲ ይዘገያል፣ የኔ ሁለት ቀን ፈጀ። ቱቦዎቹን ሳትቀላቅሉ በፊት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ብታቆዩአቸው ይሻላል። ልኩንም በዓይን አትገምቱ። መጀመሪያ ከአንዱ አብዝቼ ቀላቅዬ እንደ ማር ተጣብቆ ቀርቶ ነበር፣ ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ለየቱቦው አንድ አንድ ግዙ፣ እኩል እኩል ይወጣል።

ውጤቱስ? ከጥቅምት ጀምሮ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ጨራጨራ አካባቢ እየወረወርኩበት ነው። ቆሮሶ ያለ ችግር አውጥቷል። አንድ ትልቅ አምባዛም ይዞ ታግሎ አልከዳኝም፣ እጄ ቢንቀጠቀጥም። ግን እንደ አዲስ ሆነ ብዬ አልዋሽም። የተጠገነው ቦታ አይታጠፍም፣ ዘንጉ እዚያ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ጫፉም ትንሽ ከብዷል። ስብራቱ ወደ መያዣው ተጠግቶ ቢሆን ኖሮ ትልቅ ዓሣ አላምነውም ነበር።

የጫፉን ቀለበት ግን በዚህ አታጣብቁ። እሱ የሚላላበትና የሚቀየርበት ቀን ይመጣል፤ በሙቀት የሚቀልጠውን ዱላ ማጣበቂያ ተጠቀሙ፣ በላይተር አሞቅ አድርጋችሁ ታወጡታላችሁ። ኢፖክሲ ከሆነ ዘንጉን ሳትጎዱ ማላቀቅ ከባድ ነው።

ቅሬታዬ አንድ ነው። የሁለቱ ቱቦ ክዳን አንድ ዓይነት ነው። ተለዋውጦብኝ ተጣብቆ ግማሹ ባክኗል። እናንተ ልክ እንደከፈታችሁ አንዱን ክዳን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት።