የ1992 ሚያታዬን አቀለልኳት፤ ከወራት በኋላ ምን አተረፍኩ?

ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። መኪናዋ ከገዛኋት ጊዜ ይልቅ ወደ 55 ኪሎ ገደማ ቀንሳለች። ቀጥታ መንገድ ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኩርባ ላይ ስትገቡና ፍሬን ስትይዙ ግን ሌላ መኪና ናት። ካደረግኳቸው ነገሮች ግማሹን ነገም ብባል እደግመዋለሁ። ሌላው ግማሽ ግን ገንዘብ ለተረፈው ሰው ነው።

ለማታውቋት ትንሽ ልበል። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ እዚህ አሜሪካ ሁሉም ሚያታ ነው የሚላት። መጀመሪያ የታየችው በ1989 የቺካጎ አውቶ ሾው ላይ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሁለት ሰው ትይዛለች፣ ጣሪያዋ ይታጠፋል፣ ሞተሯ ከፊት ነው፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው። የእኔዋ ባለ 1.6 ሊትሯ ናት፤ 116 የፈረስ ጉልበት አላት። ጉልበቱ ብዙ አይደለም። ግን ከፋብሪካ ስትወጣ ክብደቷ 990 ኪሎ ገደማ ነበር። ዛሬ መንገዱን የሞሉት የቤተሰብ መኪኖች አብዛኞቹ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ናቸው።

ማዝዳዎች አርአያ ያደረጉት የ1960ዎቹን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ ሎተስ ኤላንን ነው። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ዕድሜውን ሙሉ ክብደት ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነው። የማዝዳ መሐንዲሶችም ትምህርቱን በደንብ ወስደዋል። የሚያታን ኮፈኖ ከአሉሚኒየም ነው የሠሩት፤ በአንድ እጃችሁ ብድግ ታደርጉታላችሁ። ስለዚህ ከዚች መኪና ላይ የሚቀነስ ነገር ያለ አይመስልም። አለ እንጂ! ከፋብሪካ ቀልላ ነው የወጣችው፤ ያከበዷት ባለቤቶቿ ናቸው።

የእኔን የሸጠልኝ ሰው ሙዚቃ ወዳጅ ነበር። ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ባፍል ከነሳጥኑ፣ አምፕሊፋየርና ብዙ ሜትር ሽቦ አገኘሁ። ሁሉን ፈትቼ ስመዝነው 14 ኪሎ ሆነ። የመዘንኩት ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣ 23 ኪሎ እንዳያልፍ በምናንጠለጥልባት ሚዛን ነው። እያንዳንዷን ዕቃ በሷ ነው የመዘንኳት፤ ለዚህ ሥራ ከሷ የተሻለ መሣሪያ አያስፈልግም። ይህ የመጀመሪያው 14 ኪሎ ሳንቲም አላስወጣኝም። እንዲያውም ባፍሉን ሸጬዋለሁ።

የምሠራበት ጋራዥ የአንድ ሐበሻ ሰውዬ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ዕቃውን ሳወርድ ሲያየኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው መኪናው ላይ ይጨምራል፣ አንተ ትነቅላለህ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ እንድትቀልልኝ ነው» አልኩት።

ወደ ጎማዎቹ ዞር ብሎ በጫማው ነካ አደረጋቸው። «እንደዚያ ከሆነማ ከዚህ ጀምር» አለኝ።

ልክ ነበር። ከሁሉ ለውጥ ምርጡ ቸርኬው ነው። ቀድሞ የገባላት ባለ 17 ኢንች ነበር፤ ለዓይን ያምራል፣ ሲነሳ ወገብ ይሰብራል። የጥንቱ ባለ 14 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው የሚመዝነው። አሮጌውን አፈላልጌ አገኘሁ፤ ከጎማው ጋር ተደምሮ ከእያንዳንዱ ጎን ከ5 ኪሎ በላይ ቀነሰ። በአራት ስታባዙት 22 ኪሎ ያህል ነው።

ይህ ኪሎ ግን ከሻንጣው ኪሎ ጋር አንድ አይደለም። ሻንጣ ውስጥ ያለ ዕቃ በሞላ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። ጎማና ቸርኬ ከሞላ በታች ናቸው፤ መንገዱ ላይ ጉብታ ሲመጣ እነሱ ናቸው የሚዘሉት። ከባድ ከሆኑ ሞላውና አሞርዛቶሪው መልሰው መሬት ላይ ለማሳረፍ ይታገላሉ፤ በዚያች ቅጽበት ጎማው አስፋልቱን በደንብ አይዝም። በዚያ ላይ ይሽከረከራሉ። ስትነሱ ሞተሩ፣ ስትቆሙ ፍሬኑ ያንን ሽክርክሪትም መሸከም አለባቸው።

እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ከስፔሪቪል ወደ ቶርንተን ጋፕ፣ ተራራው ላይ የሚወጣውን 211 መንገድ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። ኩርባ በኩርባ ነው፣ አስፋልቱም እዚህም እዚያም የተጠጋገነ ነው። በትልቁ ቸርኬ መሃል ኩርባ ላይ ጥግኝ ሲያጋጥም የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ውጭ ፈንጠር ትል ነበር፤ መሪውም በእጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ጎማው ጥግኙን ረግጦት ያልፋል፣ መሪው ላይ ትንሽ «ጠቅ» ብቻ ይሰማል፣ መስመሯን አትለቅም። ከላይ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ስትደርሱ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው፤ አጋዘንም በየቦታው አለ። በዚያ ፍጥነትም ልዩነቱ ይታወቃል። ደስ የሚለኝ እሱ ነው፤ ለመደሰት መብረር አያስፈልግም።

አንድ ችግር አለው። ልኩ 185/60 በ14 የሆነ (ለባለ 14 ኢንቹ ቸርኬ የሚገባው) ጥሩ የስፖርት ጎማ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። በጎማ ምርጫ የምትጨነቁ ከሆነ ቀላል ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ፈልጉ፤ 195/50 በ15 ምርጫው ሰፊ ነው። ከ15 በላይ አትውጡ።

ወደ ባትሪው ልሂድ፤ ስለ እሱ ብዙ ስለተጠየቅኩ። ሚያታ ባትሪዋ ያለው ከኋላ ሻንጣው ውስጥ፣ በቀኝ በኩል ነው። እሱን በሊቲየም ለወጥኩት። አሮጌው ከ10 ኪሎ በላይ ነበር፣ አዲሱ 3 ኪሎ አይሞላም። ዋጋው ግን ከተለመደው ሁለት ሦስት እጥፍ ነው። በጋውን በሙሉ እንከን አልነበረውም፤ ሳምንታት ቆማ እንኳ ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሪኖው በኃይል ያዞረዋል።

ብርዱ ሲመጣ ጠባዩ ተለወጠ። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ ጠብ አይልም፤ «ጢቅ» ብሎ ዝም። ይህ ዓይነቱ ሊቲየም ሲበርደው ኃይል መስጠት ይከብደዋል። መላው ቀላል ነው፤ የፊት መብራቱን ለአንድ ሁለት ደቂቃ አብርታችሁ ትተዉታላችሁ። ኤሌክትሪክ ሲወጣ ባትሪው ከውስጥ ይሞቃል፤ ከዚያ ድጋሚ ስትሞክሩ ይነሳል። መብራቶቿ ከኮፈኖው ብቅ የሚሉት ዓይነት ስለሆኑ፣ በረዶ ውስጥ ዓይኗን አፍጥጣ ቆማ ስትሞቅ ጎረቤት ሁሉ ይስቃል። ጨለማ ሳይነጋ ወደ ሥራ ለሚሮጥ ሰው ግን ይህ ቀልድ አይደለም። ደግሞም ይህ ባትሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ሲሞላ ይጎዳል። የብርድ መከላከያ ያለው ካልሆነ ክረምቱን ነቅሎ ቤት ማስገባት ነው የሚሻለው።

ሌላም ነገር አለ፤ ስለዚህ ሲወራ አልሰማም። መሪው በግራ ነው፣ ብቻዬን ስነዳ ክብደቴም በግራ ነው። የድሮው ባትሪ በቀኝ ተቀምጦ ትንሽ ያመዛዝን ነበር። ሲቀል ሚዛኑ ወደ እኔ አጋደለ። በስሜት አይታወቅም፤ አራቱ ጎማዎች ሥር ሚዛን ተደርጎ ሲለካ ግን ይታያል። ሻንጣው ሁሉ ሲራገፍ ደግሞ መኪናዋ ከኋላ ትንሽ ከፍ ትላለች። ስለዚህ ቅነሳው ካለቀ በኋላ የጎማ አላይመንት አሠሩ፤ ለእኔ ከብዙ ውድ ዕቃ የበለጠ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ወንበር። የሾፌሩን ብቻ በፋይበርግላስ ወንበር ለወጥኩት፤ 7 ኪሎ ገደማ ቀነሰ። ዝቅ ስለሚል ረጅም ሰው ጭንቅላቱ ጣሪያ አይነካም፤ ኩርባ ላይም አጥብቆ ይይዛችኋል። ለሁለት ሰዓት ጉዞ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ወገብ መናገር ይጀምራል። እናቴ አንድ ቀን መኪናዋ ውስጥ አይታው «ልጄ፣ ይኼ ወንበር ነው ገንዳ?» አለችኝ። የተሳፋሪውን ወንበር አልነካሁትም፤ አልነካውምም። ለመለወጥ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የቀበቶው መቆለፊያ የታሰረው ከፋብሪካው ወንበር ጋር ነው። አዲሱ ወንበር ላይ በትክክል የሚታሰርበትን ብረት ሳትይዙ ሥራውን አትጀምሩ። የእሽቅድምድም ቀበቶም፣ መኪና ሲገለበጥ ጭንቅላት የሚያድነው ከወንበር ኋላ የሚቆም ብረት ሳይኖር አታስገቡ። መኪናዋ ብትገለበጥ ቀጥ አድርጎ ይዟችሁ ጣሪያ በሌለበት መኪና ውስጥ አንገታችሁ ነው የሚቀበለው።

ማርሚታው 6 ኪሎ ቀነሰልኝ፣ ጆሮዬን ግን ወሰደው። ይህች መኪና በሰዓት 70 ማይል በአምስተኛ ማርሽ ስትሄድ ሞተሯ 3,600 ዙር አካባቢ ነው የሚዞረው። አዲሱ ማርሚታ የሚያጓራው ልክ እዚያ ጋ ነው። ከተማ ውስጥ ድምፁ ያስደስታል፤ ሀይዌይ ላይ ስልክ ማውራት ቀርቶ ማሰብም አይቻልም። የድሮው ተመልሶ ሊገባ ነው፤ 6 ኪሎውም ይመለስ።

ኤሲውን ንቀል ያሉኝ ብዙ ናቸው። ከ15 ኪሎ በላይ ይወርዳል፣ ያውም ከፊት። እውነት ነው። ግን የዲሲን አካባቢ የሐምሌ ወበቅ የምታውቁ ፍረዱኝ፤ ጣሪያ ከፍታችሁ 395 ሀይዌይ ላይ ትራፊክ ውስጥ ቆማችሁ ያለ ኤሲ? ይቅርብኝ። ለመንቀል የቆረጣችሁ ጋዙን መጀመሪያ መሣሪያው ያለው ጋራዥ ያውጣላችሁ፤ ወደ አየር መልቀቅ ሕግ ይከለክላል። ፓወር ስቲሪንጉንም አልነካሁትም። የአንድ ጓደኛዬ ተነቅሎለት ነድቼዋለሁ፤ ስትሄድ መሪው ሕይወት አለው፣ ፓርክ ስታደርጉ ግን ጂም ነው። ስኮርት ጎማና ክሪኩ ረጅም መንገድ ስወጣ አብረውኝ ይሄዳሉ፤ የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ ለመንዳት ስሄድ ብቻ ቤት ይቀራሉ።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምጨነቅበት ለሚጠይቁኝ ሒሳቡ ይኸው። 55 ኪሎ ከመኪናዋ ክብደት አምስት በመቶ ገደማ ነው። ለፍጥነት ሲታሰብ 6 የፈረስ ጉልበት እንደመጨመር ነው፤ ብዙ አይደለም። ግን 6 ፈረስ ብጨምር ፍሬኔ አይሻሻልም፣ ጎማዬም ቀስ ብሎ አያልቅም። ክብደት ሲቀነስ እነሱም ድርሻቸውን ያገኛሉ። ፖርሸ በ1973 ካሬራ አርኤስ 2.7ን ሲሠራ ቀጭን ብረትና ቀጭን መስታወት አድርጎ፣ ውስጡን አራግፎ 960 ኪሎ ያወረዳት ለዚሁ ነው። ምቾት የፈለገ ደንበኛ ግን 1,075 ኪሎ የምትመዝነውን ቱሪንግ ይገዛ ነበር፤ አብዛኛው ገዢም የመረጠው እሷን ነው። ገዢዎቹ ሞኞች አልነበሩም።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የጻፋችሁልኝም አላችሁ። ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ማስገባት ከ2024 ጀምሮ ስለተከለከለ ሚያታ አስመጡ አልላችሁም። ግን እዚያው አሮጌ ፊያት ወይም ቮልስ ያላችሁ ነገሩ ከእኔ ይልቅ እናንተን ይመለከታል። በአዲስ አበባ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር በአየሩ መሳሳት ብቻ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ያንን ለመመለስ ሞተር መነካካት ኪስ ያራግፋል። የኋላ ሻንጣውን ከፍታችሁ ማየት ግን ነፃ ነው፤ ከዚያ ወደ ቸርኬው።