2,147,483,647 ወይስ 4,294,967,297?

31 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ 2,147,483,647 ይመጣል። 32 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትጨምሩ ደግሞ 4,294,967,297። ሲያዩዋቸው ወንድማማች ይመስላሉ። ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለው) ግን አንዱ ብቻ ነው።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ፈርማ ሁለተኛው ብቸኛ ነው ብሎ ያምን ነበር። ቢያምን አይፈረድበትም፤ በዚያው ቀመር፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመጨመር የመጡት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ሁሉም ብቸኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1732 የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር እምነቱን አፈረሰው። መንገዱ በጣም ደስ ይላል። ቁጥሩን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ በ64 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። ስለዚህ የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይሄዳሉ። አምስተኛው ላይ ጉዱ ወጣ፦ 641 × 6,700,417። እስክሪብቶ አንሱና አባዙት።

የመጀመሪያው ግን ፍንክች አላለም። አካፋዩን እስከ 46,340 ድረስ መፈለግ ነበረበት፤ ከዚያ በላይ ያለው በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ያልፋል። ኦይለር በ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸውን ብቻ ለይቶ ሥራውን አቀለለው። በ1772 ብቸኛነቱን አሳወቀ። ዛሬ በኮምፒውተር ውስጥ ባለ 32 ቢት፣ አሉታዊም የሚይዝ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) የሚደርስበት ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው።

ለተማሪ የማሳየው ሁለተኛውን ነው። አምስት ምሳሌ ማረጋገጫ እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም።